ሳይወርዱ የማይነዱት መኪና

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ዘውገ ይባላል። ሀብቱ የመጣው በላቡ ነው፤ ይህንን ማንም አይክድበትም። ችግሩ፣ ሀብቱ ከመጣ ወዲህ ወገቡ አልታጠፍ አለ። ዕቃ ቢወድቅበት ሌላ ሰው ያነሣለታል፤ የጫማውን ክር የሚያስርለት እንኳ አላጣም። ሰው ሰላም ሲለው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎንበስ ማለት ብቻ ተረስቶት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ያረጁ የጦር ሠራዊት መኪኖች በጨረታ እንደሚሸጡ ሰማና ሄደ። በግቢው ጥግ ሣር የወረሰው፣ መስታወቱ የረገፈ፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ የፈለፈለችበት ዋዝ የሚባል አንድ የሩሲያ ጂፕ ቆሟል። ዘውገ ገና ሲያየው ልቡ ደነገጠ። ትንሽ ልጅ ሳለ እንዲህ ያለ መኪና አቧራውን እያቦነነ በሰፈራቸው ሲያልፍ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ተከትሎ ይሮጥ ነበር፤ አንድም ቀን የጫነው ሰው ግን አልነበረም። "ይህን ነው የምፈልገው" አለ። ተጫራቹ ሁሉ ሳቀበት፤ እሱ ግን ገዛው።

አስጎትቶ የወሰደው ወደ ጋሽ በቃሉ ጋራዥ ነው። ጋሽ በቃሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠራዊቱ ውስጥ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ዋዙን ሲያዩ የድሮ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ኮፈኑን መታ መታ አደረጉትና ሥራ ጀመሩ። ሞተሩን አውርደው ብሎን በብሎን ፈቱት። የዛገውን ላሜራ ቆርጠው በአዲስ በየዱት። የጎደለውን ዕቃ ከአሮጌ ብረት ሻጮች እየለቀሙ፣ ያልተገኘውን ራሳቸው እየቀጠቀጡ ቆዩና በዓመቱ መኪናው ነፍስ ዘራ።

በዚያ ዓመት ሁሉ ዘውገ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ስለ ሞተሩ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ የሚያሳስበው ቀለሙና የወንበሩ ቆዳ ነው። አንድ ቀን የፊት ጎማዎቹን መሃል አየና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ግሪስ የለቀለቀው ጉብ ያለ ነገር ምንድን ነው? ያስጠላል። የሚያብረቀርቅ የነሐስ ክዳን ይደረግበት።"

"ተዉ፣ አቶ ዘውገ" አሉ ጋሽ በቃሉ። "የፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ እዚያ ውስጥ ነው። በደህናው መንገድ መኪናው የሚሄደው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ጭቃ ሲይዝዎት አራቱም እንዲጎትቱ ከፈለጉ፣ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዘንግ መሳብ ብቻውን አይበቃም። ይወርዳሉ፤ ይንበረከካሉ፤ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በመፍቻ ይቆልፋሉ። ይምጡ ላሳይዎት።"

ጋሽ በቃሉ በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው አንዴ ቆለፉ፣ አንዴ ከፈቱ። ዘውገ እጁን ኪሱ ከቶ ከሩቅ ተመለከተ።

"እኔ መኪና የገዛሁት ላለመውረድ ነው" አለ።

"መኪናው የተሠራው ግን ለወታደር ነው። ወታደር ደግሞ ይወርዳል።"

ዘውገ ሳቀና የነሐሱን ክዳን አሠራ። የስሙን የመጀመሪያ ፊደልም አስቀረጸበት።

መኪናው ባለቀበት ክረምት ይበልጣል የሚባለው የዘውገ አንድያ ልጅ፣ ትርንጎ ከምትባል የገጠር አስተማሪ ጋር ተዋደደ። አባቷ አቶ እጅጉ ገበሬ ናቸው። ዘውገ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ "እናስብበት" ተብለው ተመለሱ። በሦስተኛው አቶ እጅጉ እንዲህ ብለው ላኩበት፦ "እሑድ አባትየው ራሱ ይምጣ። ሌሎች ጠያቂዎችም አሉ፤ ለእነሱም ያንኑ ቀን ቀጥሬያለሁ። ነገሩን በቀትር እቆርጣለሁ፤ የዘገየ ይቅር።" ይበልጣል ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልቀመስ አለ። ዘውገ በዚህ ዓለም ከምንም በላይ የሚወደው ይህን ልጁን ነው።

እሑድ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ አስቀምጦ ዋዙን አስነሣ። አስፋልቱ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ ዘውገም ፈገግ እያለ ይነዳል። አስፋልቱ አልቆ መረሬው፣ ጥቁር አፈሩ ሜዳ ሲጀምር ግን ፈገግታው ቀረ። ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ ነው ያደረው። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

ትንሿን ዘንግ ሳበና ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው ተረጨ፣ መኪናው ይባስ ብሎ ወረደ። "ግፉ እንጂ!" ብሎ በመስኮት ጮኸ። መንገደኛው ተሰብስቦ ገፋ፤ የገፊዎቹ ፊት በጭቃ ከመለሰኑ በቀር የተገኘ ነገር አልነበረም። ሰዓቱን አየ። ቀትር እየደረሰ ነው።

አህያዋን ይዛ ልታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ቆም ብላ ጎማዎቹን ትክ ብላ አየች።

"ኧረ ጌታው፣ የሚለፉት እኮ የኋለኞቹ ብቻ ናቸው!" አለች። "ፊተኞቹ እንደ እኔው ቆመው ነው የሚያዩት!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዘውገ ግን የጋሽ በቃሉ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ቀላ። ዞሮ ሽማግሌዎቹን አየ፤ መፍቻ ጨብጠው የማያውቁ አረጋውያን ናቸው። የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ መቆለፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ ባየው።

መፍቻውን ከወንበሩ ሥር አንሥቶ በሩን ከፈተና ወረደ። ነጩ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ተንበረከከ። የነሐሱ ክዳን አልነቀል ቢለው ድንጋይ አንሥቶ ፊደሉን እየቀጠቀጠ አወለቀው። አንደኛውን ጎማ ቆለፈ፤ እንደተንበረከከ እየዳኸ ዞሮ የሁለተኛውንም ክዳን አውልቆ ቆለፈ። ግሪስ በግሪስ ሆኖ ሲነሣ ሰዉ አጨበጨበለት። ዘውገ ደነቀውና ከስንት ዘመን በኋላ ከልቡ ሳቀ። ተመልሶ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ አራቱም ጎማዎች አብረው ዞሩ፤ ዋዙም እያቃሰተ ወጣ።

አቶ እጅጉ ቤት የደረሱት ቀትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዘውገ እጁ ስለቆሸሸ የእጁን አንጓ ለሰላምታ ዘረጋ። አቶ እጅጉ ከራስ እስከ እግሩ አዩትና ወንበር ሰጡት። ገና ከመቀመጡ አንድ ጎረቤት ሮጦ ገባ።

"የሌሎቹ ጠያቂዎች ሽማግሌዎች በላይኛው መንገድ ጭቃ ይዟቸዋል። መኪናቸው አዲስ ነው፤ ግን ንቅንቅ አልል ብሏል።"

ከዘውገ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ "እግዜር ሲረዳህ ነው። ዝም ብለህ ቁጭ በል" አለው። እውነትም ከዘውገ የሚጠበቀው ቁጭ ማለት ብቻ ነበር። ያልበላው ልጁ ፊት ታየው። ቀጥሎ ደግሞ መረሬው ላይ ቆመው ሰዓታቸውን የሚያዩ ሽማግሌዎች ታዩት። እሱም ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲያ ነበር። ተነሣ።

"አቶ እጅጉ፣ ሰንሰለት አለኝ። እባክዎን እስክንመለስ ይጠብቁን። ከዚያ ደስ ላለዎት ይስጡ።"

ሄደ። በባላንጣዎቹ መኪና ሥር ጭቃው ላይ ተኝቶ ሰንሰለቱን አሰረ፤ በዋዙም ጎትቶ አወጣቸው። ሁሉም ጭቃ በጭቃ ሆነው ቤት ሲገቡ ቀትር ካለፈ ቆይቷል። ከሌላኛው ወገን ሽማግሌዎች በዕድሜ የገፉት ብድግ አሉ።

"እኛ የመጣነው ለራሳችን ልጅ ልንለምን ነበር" አሉ። "አሁን ግን ለዚህ ሰው ልጅ ብንለምን አትቀየሙን። ማን እንደሆንን እያወቀ ነው መኪናችን ሥር የገባው።"

አቶ እጅጉ ሳቁ።

"ሽማግሌ ሁለት ጊዜ የመለስኩት ልጅህን ጠልቼ አልነበረም፣ ዘውገ። ትርንጎም እሱኑ ነው የምትወደው። ግን አባወራው ጎንበስ ብሎ በማያውቅበት ቤት ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ እንዳለች ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ቅድም በጭቃ ተለውሰህ ስትገባ ግማሽ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ግማሹን ግን ያዝኩት፤ ለራሱ ጉዳይማ ማን አይወርድም? አሁን ሌላው ግማሽም ሄደ። ልጄ ልጅህ ናት።"

እነሆ ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን ጭቃ ላይ የምንቀረው ጉልበት አንሶን አይደለም። ጉልበቱ ከእኛው ጋር አለ፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠን አናገኘውም። ለልብሳችን ሳንሳሳ፣ ሰው እያየን መውረድ አለብን። ለራሳችን ስንወርድ ከጭቃው እንወጣለን፤ ለሌላው ስንወርድ ደግሞ ተዘግቶብን የኖረ ቤት ይከፈትልናል።

እስኪ ልጠይቅህ፦ ሞተርህ እየጮኸ አንድ ስንዝር ያልተራመድክበት ጉዳይ የትኛው ነው? እስካሁን ያልወረድከውስ ማን እንዳያይህ ፈርተህ ነው?