ዕረፍቱን ያጠራቀመው ፍልፈል

ዱሮ ዱሮ፣ ስሙን ነፋስ በወሰደው አንድ አገር፣ አያ ፍልፈል ከሚስቱ ከእመት ድንቡሼ ጋር ይኖር ነበር። ጎረቤታቸው እመት ሽኮኮ ማለዳ ሣሯን ትግጥና ቀኑን ሙሉ ቋጥኝ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። አያ ፍልፈል እሷን ባየ ቁጥር በቅናት ይቃጠላል።

አንድ ቀን ሚስቱን ቁጭ አድርጎ ሐሳቡን ነገራት። እንደ ሌላው እስኪያረጅ አይቆፍርም፤ ጉልበቱ ሳይደክም ጉድጓዱን ድንች ይሞላና ሥራ በቃኝ ይላል፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ቋጥኙ ላይ መጋደም ነው። እመት ድንቡሼ ቋጥኙ ዛሬም ባዶ ቦታ አለው ብትለው አልሰማትም።

ከዚያ ወዲያ ልጣጭ እየበላ ድንቹን ያከማች ጀመር። አንዷን እንኳ እንካፈል ስትለው፣ «ለዕረፍቴ ይቀመጥ» ይላል። ጋደም በል ስትለው፣ «እንቅልፌም ለዕረፍቴ ይቀመጥ» ይላል። አያ ጃርት፣ ጅብ ትራስ መስሎት የተንተራሰው ዕለት የሆነውን እያወራ መንደሩን በሳቅ ሲያፈርስ፣ አያ ፍልፈል ጉንጩን ነፍቶ ሳቁን ዋጠው። በገዛ ልጁ ሠርግ እንኳ እግሬ ያልቅብኛል ብሎ ሳይጨፍር ዋለ።

ድንቹ በዛ፤ ጉድጓዱ ጠበበ። በመጨረሻ የሚስቱም መኝታ በድንች ተያዘ። እመት ድንቡሼ፣ «እንግዲህ ድንችህን አግባ» አለችና ወደ ሽኮኮ ቋጥኝ ሄደች። አያ ፍልፈል ሆዱ ባባ፤ ግን፣ «ዕንባዬም ለዕረፍቴ ይቀመጥ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ድንች የምታክል ክፍተት ብቻ ቀረች። አያ ፍልፈል በደስታ የመጨረሻዋን ድንች በጭንቅላቱ ገፍቶ ወተፋት። ያን ጊዜ ነው በሩን ከውስጥ ሆኖ መድፈኑ የገባው። እንዳይቆፍር መዳፉን የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ትንፋሽ አጠረውና ጮኸ።

እመት ድንቡሼ ሰምታ በሩጫ መጣች። ድንቹን ብትጎትተው ንቅንቅ አልል አላት።

«መብላት ነው እንጂ ሌላ መላ የለም» አለችው። «እኛ ከውጭ፣ አንተ ከውስጥ።»

«ሁሉንም?»

«እስክትወጣ ድረስ።»

«ትንንሾቹን ብቻ ብትበሉስ?» አለ።

እመት ድንቡሼ ጎረቤት ጠራች። ከርከሮው መጣ፣ ጃርቱ መጣ፣ ሽኮኮዋም ከቋጥኟ ወርዳ መጣች። ገሚሱ ይበላል፣ የጠገበው ይዘፍናል። አያ ፍልፈልም ውስጥ ሆኖ ዕንባው እየወረደ አንዷን ገመጠ። ጣፈጠችው። ሌላዋን ደገመ። ሲውል ሲያድር ማልቀሱን ረስቶ ከውጭ የሚዘፈነውን ይቀበል ጀመር።

በመጨረሻ በመሀላቸው አንዲት ድንች ብቻ ቀረች። እሱ ከወዲያ፣ እመት ድንቡሼ ከወዲህ ሲገምጧት አፍንጫና አፍንጫቸው ተጋጨ። ሆዱ ተነፍቶ ስለነበር ጎትቶ ለማውጣት መንደሩ ሁሉ ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላ አያ ፍልፈል ለክረምት ጥቂት ማኖሩን አልተወም፤ የዕለቱን ድንች ግን ከሚስቱ ጋር ለሁለት እየገመሰ፣ ሲደክመው እየተኛ፣ ሲያስቀው እየሳቀ ኖረ። ለዚህ ነው የአገሩ ሰዎች እንዲህ የሚሉት፦

ነገን ላጥግብ ብሎ ዛሬን ያስራበ፣
በገዛ ጎተራው ራሱን ከበበ።