ጅብ ሸረሪት ያጣበት ወርካ

አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ በተረት ተቀይሞ ምግብ አልበላም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንበሳ ከምሳ በኋላ ሾላ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ሳለ፣ ከላይ ከቅርንጫፉ እመት ጦጢት ልጆቿን ስትቆጣ ሰማ። ልጆቿ በአንዲት የሾላ ፍሬ ተጣልተው ጅራት ለጅራት ይጓተቱ ነበር። «ተው እናንተ! ተስማሙ!» አለቻቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማችሁም?»

ልጆቹ አልሰሙም። አንበሳ ግን ሰማ።

«ማንን ነው የሚያስረው?» ብሎ ብድግ አለ። ጦጢት ልጆቿን ሰብስባ እልም አለች። አንበሳ ብቻውን ቀርቶ ነገሩን ማሰብ ጀመረ፤ ባሰበው ቁጥርም ባሰበት። ስንት ዘመን እያገሳ የኖረ ጌታ፣ ለካ ከጀርባው ሲዶለትበት ኖሯል! የሚዶልቱት ጎሽና ዝሆን ቢሆኑ እንኳ ለወግ ይመቻል። ሸረሪት! ለራት የቀረበለትን የድኩላ ሥጋ ገፋ አድርጎ ተኛ። በየመሀሉ እየነቃም፣ ክር ተጠምጥሞበት እንደሆን እግሩን እያነሣ ያያል። ሲነጋ ሸንጎ ጠራ።

ሸንጎው ላይ ጅብ መጣ፤ የሚበላ ነገር ያለ መስሎት። አህያ መጣች፤ ብትቀር የምትቀጣ መስሏት። ቀበሮም መጣ፤ ቀበሮ የማይገኝበት ሸንጎ መቼም የለም።

«ሸረሪቶች ሊያስሩኝ ነው» አለ አንበሳ።

ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ጥርስ ፊት ቆሞ ማን ይስቃል? ቀበሮ ግን በሆዱ ደስ አለው። ከሸረሪቶች ጋር የቆየ ቂም ነበረው። ትልቁ ወርካ ሥር ጅግሮች ይለቅማሉ፤ እሱም ማለዳ ማለዳ እያደባ ይሄድባቸዋል። ልዝለል ሲል ግን ድር ፊቱ ላይ ልጥፍ ይልበታል፣ ያስነጥሰዋል፣ ጅግሮቹም ብርር ይላሉ። ስንት ጊዜ ጦሙን ተመልሷል።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሸረሪት የተባለ ሁሉ ወርካውን ለቅቆ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ደረቅ ሜዳ ይሂድ።»

«እዚያ እኮ ጥላ የለም» አለች አህያ ቀስ ብላ። «ምን ይበላሉ?»

«ስለ ምግብ የተናገረ አለ?» አለ ጅብ ከእንቅልፉ ነቃ ብሎ።

አንበሳ ፈረደ። አዋጁን የምትለፍፈው አህያ ሆነች፤ በድምፅ የሚስተካከላት የለምና። ሸረሪቶቹን የሚያስወጣው ጅብ ሆነ። «ትእዛዜን ከፈጸምክ የበሬ ጭን ትሸለማለህ» አለው። «አንዲት ሸረሪት እዚያ ወርካ ላይ ብትገኝ ግን፣ የምበላው ያንተን ጭን ነው።» ጅብ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ሊሄድ ሲል ግን ዞር ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። በዕድሜው ከጠየቀው ሁሉ ብልህ ጥያቄ ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ለመሆኑ ሸረሪት ምን ትመስላለች?»

እውነቱን ለመናገር ቀበሮም አያውቅም። ድራቸውን በፊቱ ያውቀዋል እንጂ ቀና ብሎ አንዲቱን እንኳ አይቶ አያውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ በቀበሮ ዘር የለም። «ምኑ ያስጨንቅሃል? ሸረሪት ሁሉ ያው ነው» አለ። «ጥቁር፣ ፀጉራም፣ አስቀያሚ። ስታያት ከቀፈፈችህ እሷው ናት። የሚያምር ነገር ካየህ ሸረሪት አይደለም፤ እለፈው።»

«ጥቁር፣ ፀጉራም፣ አስቀያሚ፤ ጥቁር፣ ፀጉራም፣ አስቀያሚ» እያለ ጅብ መንገድ ጀመረ፤ እንዳይረሳው። አህያም ተከተለችው። ራቅ ብላ ነው የተከተለችው፤ ጅብ ዞር ባለ ቁጥር ዓይኑ ወደ ጭኗ ይሄድ ነበር።

ወርካው ጋ ሲደርሱ አህያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለፈፈች። «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሸረሪት የሆንክ ሁሉ ልጅህን ይዘህ፣ ድርህን ጠቅልለህ፣ ከወርካው ወርደህ ተሰለፍ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ትሻገራለህ!» አዋጁ ሲያልቅ ትንሽ ማናፋት ጨመረችበት፤ ለማሳመሪያ።

ምስኪን ሸረሪቶች፣ አንዳቸውም አልተደበቁም። ያለቀሰውም እያለቀሰ፣ ያጉረመረመውም እያጉረመረመ ወረደ። የሚገርመው ግን እርስ በርሳቸው እንኳ ሲተያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። የላይ ቅርንጫፍ ነዋሪ የታችኛውን አያውቅም፤ ከቅርፊት ሥር ያለው አበባ ላይ ያለችውን ጎብኝቶ አያውቅም። «ውይ፣ አንቺም ሸረሪት ነሽ?» «ነኝ እንጂ! አንተስ?» እየተባባሉ ተሰለፉ።

ጅብ ከሰልፉ ፊት ተጀንኖ ቆመ። የመጀመሪያዋ አደይ አበባ ላይ የተቀመጠች፣ ከአበባው የማትለይ ቢጫ ነበረች።

«አንቺ አበባ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሸረሪት ነኝ፣ አያ ጅቦ። ነጭ አበባ ላይ ስሰነብት ነጭ እሆናለሁ፤ ቢጫ ላይ ስሰነብት ደግሞ ቢጫ።»

«ሸረሪት ጥቁር ናት። ዞር በይ፣ የሰው ሰልፍ አታበላሺ።»

«ኧረ በአዋጁ...»

«ዞር በይ አልኩ!»

ቀጥሎ የቆመው ቁርጥ ጉንዳን ነው። የፊት እግሮቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ ያወዛውዛቸዋል። «ጉንዳን፣ ሂድልኝ» አለው ጅብ።

«ጉንዳን አይደለሁም። ወፎች እንዳይበሉኝ ጉንዳን መስዬ ነው የምሄደው። ካላመንክ እግሬን ቁጠር፤ ስምንት ነው።»

ጅብ መቁጠር ጀመረ። እስከ ሦስት ድረስ በደንብ ሄደ። ከዚያ ወዲያ «ብዙ» ላይ ደረሰና ቆመ። «ጉንዳንም ብዙ እግር አለው» ብሎ አሰናበተው።

ቀጥሎ ያለችውን ሊረግጣት ነበር። እርጥብ የወፍ ኩስ መሰለችው።

«እንደምን ዋልክ» አለችው ኩሷ።

ጅብ ወደ ኋላ ዘለለ። በዘመኑ ብዙ ነገር በልቷል፤ ሰላምታ የሚሰጥ ኩስ ግን አላጋጠመውም። «ሸረሪት ነኝ» አለች። «እንዲህ የምመስለው ያየኝ ሁሉ ተጸይፎ እንዲያልፈኝ ነው።» ጅብ ቀረብ ብሎ አሸተታት። ትቀፈኛለች ወይስ አትቀፈኝም ብሎ ራሱን መረመረ። አልቀፈፈችውም። ጅብን የሚቀፈው ነገር ገና አልተፈጠረም። «አንቺማ ቆንጆ ነሽ» ብሎ አለፋት፤ እሷም እስከ ዛሬ እንዲህ ያላት ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ስትሽኮረመም ዋለች።

ከእሷ በኋላ የባቄላ ፍሬ የማታህል፣ ቀይና ቢጫ፣ ጀርባዋ ላይ ቀንድ የበቀለባት መጣች። ቀንድ ሲያይ ጅብ በሬውን አስታወሰና አፉን ከፈተ።

«ተው!» አለችው አህያ ከሩቅ። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም?»

ጅብ ግን ነከሰ። እያለቀሰ ምላሱን ካወጣ በኋላ፣ «ይህቺ የበሬ ዘመድ ናት፤ ትሂድ» አለ። ወርቅ የመሰለ ድር ታጥቃ የመጣችውን ደግሞ የመኳንንት ወገን መስላው እጅ ነሥቶ አሳለፋት።

ከዚያ አንድ ትንሽዬ ወንድ ሸረሪት ዘልሎ ወጣ። ጀርባው ሰማያዊና ቀይ ያብረቀርቃል፤ አራት ትልልቅ ዓይኖች ግንባሩ ላይ ተደርድረዋል። ጅብ ገና ሳይጠይቀው ጭፈራ ጀመረ። ትከሻ ስለሌለው በእግሮቹ እስክስታውን ያወርደዋል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጀርባውን ገልጦ እንቅጥቅጥ! ጅብ ሳያስበው ትከሻው ተነቃነቀ። አህያም ከሩቅ ሆና ኮቴዋን መታች። ጭፈራው ሲያልቅ ጅብ ላቡን ጠርጎ፣ «ሸረሪት እንዲህ አይጨፍርም። አንተ አዝማሪ ነህ፤ በሰላም ሂድ» አለው።

አህያ ሁሉንም ታይ ነበር። ማን ሸረሪት እንደሆነም ገብቷታል። ግን የጠየቃት የለም።

በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች። ጅብ ሲያያት በደስታ ሳቀ። ጥቁር! ፀጉራም!

«አገኘሁሽ! ነይ እንሂድ!»

«አያ ጅቦ፣ እባክዎ» አለች። «ብቻዬን ብሆን እሄድ ነበር። ማዶ ግን ጥላ የለም። ልጆቼ በፀሐይ ያልቁብኛል።»

«የምን ልጆች? ብቻሽን አይደለሽም እንዴ?»

«እነሆ፣ ጀርባዬ ላይ» አለች።

ፀጉሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፀጉሯ ወረደ። እያንዳንዱ ፀጉር ስምንት እግር አውጥቶ፣ የሚሮጠው ሮጦ፣ የሚወድቀው ወድቆ፣ ግማሹ ጅብ አፍንጫ ላይ ወጣ። «እማዬ፣ ይሄ ተራራ ይሸታል!» አለ አንዱ። ልጆቿ ሲወርዱላት እናቲቱ ከስታ ቀረች፤ ጥቁር የመሰለውም የልጆቹ ጥላ ነበር። ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ነጭ መስመር ወርዶባታል።

ጅብ የበሬውን ጭን እያሰበ ቆየ። ከዚያ ልጆቹን ከአፍንጫው ላይ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይውጥ፣ ወደ እናታቸው መለሰ። «አንቺማ ፀጉራም አይደለሽም» አለ ድምፁ ለስለስ ብሎ። «ልጆች ያዘለች እናት ነሽ። እለፊ።» ቂል ነው እንላለን፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አንጀቴን በላው።

አመሻሹ ላይ ጅብ አንበሳ ፊት ቀርቦ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ወርካው ላይ አንዲትም ሸረሪት የለችም!» አለ። «አበባ አለ፣ ጉንዳን አለ፣ አዝማሪ አለ፣ ሰላምታ የሚሰጥ ኩስ አለ። ሸረሪት የለም።»

«አንቺስ ሸረሪት አላየሽም?» አላት አንበሳ አህያን።

«እኔ ለፋፊ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

አንበሳ እፎይ ብሎ በላ። ጅብም የበሬውን ጭን ከነአጥንቱ ዋጠ። ሁሉም ደስ ብሎት አደረ፤ ከቀበሮ በቀር ማለቴ ነው። ቀበሮ በማግስቱ ማለዳ በልበ ሙሉነት እያደባ ሄደና፣ ልዝለል ሲል ድሩ ፊቱ ላይ ልጥፍ! ማስነጠስ ሆነ፤ ጅግሮቹም ብርር። እየሮጠ ሄዶ አንበሳን ቀሰቀሰው። «ተታለሉ፣ ንጉሥ ሆይ! ጅብ አንዲቷንም አላስወጣም!»

አንበሳ ጅብንና አህያን አስከትሎ ወርካው ጋ ደረሰ። ለማግሳት አፉን ከፈተ። ጤዛ ያረፈባቸው ድሮች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫሉ። ቢጫዋ፣ ቀንዳሟ፣ ጉንዳን መሳዩ፣ አዝማሪው፣ ሁሉም ወጥተው ያዩታል። አንበሳ አፉን እንደከፈተ ማግሳቱን ረሳው።

«እነዚህ ሁሉ... ሸረሪት ናቸው?» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ተረቱ ትዝ አለው። «እናንተ ናችሁ የምታስሩኝ?»

ልጆች ያዘለችው እናት ወደ ፊት ወጣች። ብትፈራም የልጅ ነገር ሆኖባት ተናገረች። «ንጉሥ ሆይ፣ እኛ እስከ ትናንት ድረስ አንተዋወቅም ነበር። ያቺ አበባዋን አትለቅም፤ ያ ሲጨፍር ይውላል፤ እኔ ደግሞ እየሮጥኩ አድናለሁ እንጂ የማጥመጃ ድር አልዘረጋም። ለማበር ቀርቶ ለሰላምታም አልበቃን። የእርስዎ አዋጅ ነው ሰብስቦ ያስተዋወቀን። ሌሊቱን ሙሉ ስንጫወት አደርን።»

«ስለ ምን?» አለ አንበሳ።

«ስለ እርስዎ።»

አንበሳ እግሩን ቀስ ብሎ አነሣና አየው። ሌላውንም አነሣ። «አዋጁ ተሽሯል!» ብሎ ጮኸ። «በሉ ወደየቅርንጫፋችሁ! ማንም ማንንም እንዳያስተዋውቅ!» ሸረሪቶቹም እየሳቁ ወጡ። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ መለዋወጣቸውን አልተዉም።

አንበሳ ንዴቱን የሚያወርድበት ፈልጎ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተ! ጭንህን አምጣ!»

«ንጉሥ ሆይ!» አለ ጅብ ጭኑን በጅራቱ ሸፍኖ። «ሸረሪት ሁሉ ያው አስቀያሚ ነው፤ የሚያምር ነገር ካየህ እለፈው ተባልኩ፤ አለፍኩ። እስቲ ከእነዚህ ውስጥ አስቀያሚ ያገኘ ያሳየኝ!»

አንበሳ ቀና ብሎ ፈለገ። ፈልጎ ፈልጎ አጣ። «ሸረሪት ሁሉ ያው ነው ያለህ ማን ነው?» አለ።

ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ ፊቱ ላይ የቀረውን ድር እየጠረገ ሹልክ ሊል ሲል ተያዘ። ተፈረደበትም፦ በየማለዳው ወርካው ሥር ቆሞ ሸረሪቶቹን አንድ በአንድ በየመልካቸው እየለየ ደኅና አደራችሁ ሊል። ሰላምታው ሳያልቅ ጅግሮቹ ጥሬያቸውን ለቅመው ጨርሰው ይሄዳሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጅብ ፍልስፍና ጀመረው። «አየሽ አህያ፣ ጅብም እኮ ሁሉም ያው አይደለም። ይኸው ስንት መንገድ አብረን ሄድን፤ ነካሁሽ?»

አህያ አሰበች። «አልነካኸኝም» አለች። «እውነትህን ነው።» ከዚያ ጭኗን ወደ ሌላኛው ጎን አዙራ፣ እንደ ወትሮው ራቅ ብላ መንገዷን ቀጠለች። «ግን ገና አልመሸም።»

ከዚህ የምንማረው «ሁሉም ያው ነው» የሚል ሰው አንዱንም ቀና ብሎ እንዳላየ ነው።