ኮፍያውን ያላወለቀው ሙሽራ

አንድ ሰው ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ እዚሁ አዳማ ውስጥ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። ስሙን አልነግራችሁም። እሱ ቢፈቅድልኝም አልነግራችሁም፤ ከአምልኮ በኋላ አንገታችሁን እያሰገጋችሁ እንድትፈልጉት አልፈልግም።

ይህ ሰው ፀጉሩ እየሸሸ ነበር። ከፊት ለፊት ሄዷል፣ አናቱ ላይ ሳስቷል፣ የቀረው ጎንና ጎኑ ነው። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሥራ ቦታ ሌሎቹ ለምሳ ሄልሜታቸውን ሲያወልቁ እሱ እንደደፋ ይበላል። ከሥራ ውጭ ደግሞ ኮፍያ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ቀኝ እጁ ሁልጊዜ አናቱ ላይ ስለሆነ ሰው የሚጨብጠው በግራው ነበር። ኩሩ ነው ተባለ።

ቤተ ክርስቲያንስ? ወንድ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚገባው። ስለዚህ አይገባም። ውጭ፣ ጄነሬተሩ አጠገብ ሆኖ ይሰማል። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ከቡራኬው በፊት ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔም ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ በመስኮቱ አየው ነበር። ምን አልኩ መሰላችሁ? ዓለም ይዛዋለች አልኩ።

ሠርጉ አራት ወር ቀረው። እጮኛውን አስካል ልበላትና፣ አስካል ባዶ ራሱን አይታው አታውቅም። የሠርግ ቀን ደግሞ ኮፍያ የለም።

መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። “ፓስተር፣ ፀጉር ላስተክል ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል?” አለኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ስብሰባ ነበረብኝ። ስለ ልብ ውበት አንድ ጥቅስ አነበብኩለት፣ ጸለይኩለት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኅቶች ስለ ጥፍር ቀለም ሲጠይቁኝ የምሰጠው መልስም ያው ነው።

ወጣ። ልቡ ግን አላረፈም። ቴሌግራም ላይ ልዑልሰገድ የሚባል ደላላ አገኘ፤ ውጭ አገር ካለ ክሊኒክ ጋር ሰው ያገናኛል። “የራስህን ፎቶ ላክልኝ” አለው። ላከ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ “አራት ሺህ ፀጉር፣ በአንድ ቀን፣ ስፌት የለው ምን የለው። ማሽኑ የማይነቅለው ፀጉር የለም።” እንዴት ደስ ይላል! ከፎቶው ሌላ ማንም ምንም አልጠየቀውም። እሱን የጣመውም ይኸው አለመጠየቁ ነው። ቲኬት ቆረጠ። ለአስካል “ለሥልጠና ልሄድ ነው” አላት።

ክሊኒኩ የጤና ምርመራ ወረቀት ስለጠየቀው ዶክተር ማኅደር ዘንድ ሄደ፤ የቆዳና የፀጉር ሐኪም ናት። ፈርማ የምትሸኘው መስሎት ነበር።

“ኮፍያህን አውልቅ” አለችው።

ዞር ብሎ በሩን አየ። “ግድ ነው ዶክተር?”

“ታዲያ ኮፍያህ ላይ ነው እንዴ የሚተከለው?”

አወለቀ። እሷ ግን በራውን ትታ ከማጅራቱ በላይ ያለውን ፀጉር በማጉያ መነጽር መመርመር ያዘች። ለመትከል የሚነቀለው ከዚያ ነዋ። ከዚያ የተበላሸ ሥር ደግሞ ምትክ የለውም።

“እስቲ የላኩልህን ፎቶዎች አሳየኝ። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች እንዳንተ የተጠቀለለ ፀጉር ያለው የቱ ነው?”

ስልኩን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። አንድም የለም።

“ያንተ ፀጉር ከላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው” አለችው፤ “ቆዳህ ውስጥም ሥሩ የታጠፈ ነው። አንደኛው ዘዴ ከኋላ ቀጭን ቆዳ ቆርጦ መስፋት ነው፤ ሥሩን ብዙ አይጎዳም፣ ረጅም ጠባሳ ግን ይተዋል። ሁለተኛው አንድ በአንድ በትንሽ ክብ ስለት ማውጣት ነው። ስለቱ ቀጥ ብሎ ከገባ የታጠፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ያንተን ዓይነት ፀጉር ደጋግሞ የሠራ እጅ ይፈልጋል።” ከዚያ ጠየቀችው። “ቁስልህ ሲድን ያብጣል?”

ልጅ ሆኖ ትከሻውን ፍል ውኃ አቃጥሎት ነበር፤ ጠባሳው እስከዛሬ ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል። ብነግራት እምቢ ትለኛለች ብሎ ፈራ።

“አያብጥም” አላት።

“እንግዲያው ከጆሮህ ጀርባ ስድስት ፀጉር ብቻ አውጥተን እንሞክርና ቁስሉ እንዴት እንደሚድን ለማየት ሦስት ወር እንጠብቅ።”

“ሦስት ወር! ሠርጌ እኮ በአራት ወር ነው!”

“ራስህ ግን የዕድሜ ልክ ነው” አለችው።

ስድስት አወጣች። ፋሻ ላይ አስቀምጣ በመነጽሩ አሳየችው፤ ሁለቱ ተበጥሰዋል። “ተጠንቅቄ ሠርቼ እንኳ ሁለቱን አበላሸሁ። ስለዚህ የምትፈልገው ሐኪም እኔ አይደለሁም። ጊዜው ሲደርስ ከእኔ የሚሻል እጠቁምሃለሁ።” ወገኖቼ፣ “እኔ አይደለሁም” የሚል ሐኪም ስንት አይታችኋል? “እኔ አይደለሁም” የሚል ሰባኪስ?

እያጉረመረመ ቲኬቱን አዘገየ። እንቅልፍ አጣ። ደላላው በየቀኑ ይደውላል፤ “የቸኮለ ነው የሚያገኝ” ይለዋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለውን ማን ይንገረው? እጁም አሁን ከአናቱ ወደ ጆሮው ጀርባ ወረደ። ይዳብሳል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይዳብሳል። በሰባተኛው ሳምንት ጣቱ ሥር አንድ ጠጣር ነገር አገኘ። አጠገቡም ሌላ አለ። ስድስቱም አብጠው ነበር።

ሮጦ ዶክተር ማኅደር ዘንድ ሄደ። ኮፍያውን በር ላይ አወለቀ፣ ሸሚዙን ፈታ፣ ትከሻውን አሳያት።

“ጠይቄህ ነበር እኮ” አለችው። አልተቆጣችም። “ብትነግረኝ ስድስቱንም አልነካም ነበር። በል፣ ከእንግዲህ ማንም ራስህ ላይ ስለት እንዳያነሣ። ለነዚህ መድኃኒት አለኝ።”

ስድስት ነው፤ አራት ሺህ ሊሆን ነበር። እስቲ ያንን ራስ አስቡት።

ያን ዕለት አስካል ቤት ሄዶ ግቢያቸው ውስጥ ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩን፣ የሥልጠናውን ውሸት፣ ጠባሳውን፣ ሁሉንም ነገራት። እሷ አለቀሰች። ራሴን አይታ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

“ሁለት ዓመት ሙሉ እጅህ ከራስህ ላይ ወርዶ አያውቅም” አለችው። “ዕጢ ያለብህ መስሎኝ፣ ልትሞትብኝ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ! ፀጉር ነው? ፀጉር ነው?” እያለች በዚያው ኮፍያ ትመታው ጀመር።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብዬ እዚህ ላይ አሜን ልል ነበር። ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ሰውዬው ቢሮዬ መጣ፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። “ፓስተር፣ ታሪኩን ይንገሩላቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ለምን ኮፍያህን አውልቅ አላሉኝም?”

ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም። የደላላውን ስም ስጠራ የራሴን ስም የምጠራ ይመስለኛል። እሱ ቢያንስ ፎቶ ጠይቋል። እኔ እሱንም አልጠየቅሁም!

እናንተስ? ለልባችሁ ሐኪም ስትመርጡ ማንን መረጣችሁ? ምንም የማይጠይቃችሁን አይደለም? ለጎረቤቴ የሠራ ጸሎት ለእኔም ይሠራል፣ በአንድ ቀን ይለቅልኛል ብላችሁ አልሮጣችሁም? የልባችሁ ሥር የት ጋ እንደታጠፈ ማን ያውቃል? “ቁስልህ ያብጣል?” ተብላችሁ “አያብጥም” ያላችሁስ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እናንተ ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት የምታስታርቁ፣ ልጅ የምትመክሩ፣ በዚያችው በአንዷ ስለት ስንት ሥር በጠሳችሁ? እኔ ስንት በጠስኩ?

ከዛሬ ጀምሮ ቢሮዬ ሰው ሲገባ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባለሁ። ያ መሳቢያ ሳይዘጋ እንዳትቀመጡ።

እናንተ ውጭ ጄነሬተሩ አጠገብ የቆማችሁ፣ በመስኮቱ ይታየኛል፣ ሁለት ናችሁ። ዓለም ይዛችኋለች አልልም። ምን እንደያዛችሁ አላውቅም፤ ጠይቄ አላውቅማ። ከቡራኬው በፊት እንዳትሄዱብኝ። ኮፍያችሁን እንደደፋችሁ ግቡ፤ ማውለቁን ከኔ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።