ከደወል አምባ የተጠራው ቃል

በእኛ አገር አንድ ሰው ሳያስብ ተናግሮ "ውይ፣ ምነው ባላልኩት!" ሲል፣ ትልልቆቹ ሳቅ እያሉ የሚመልሱለት አጭር አባባል አለች። ሌላው አገር ስለ መነሻዋ የራሱን ያውራ። እኛ የሸንበቆ ሜዳ ሰዎች የምናውቀው ይህንን ነው። እኔም የሰማሁት ከአክስቴ ነው፤ እሷ ያን ቀን ከገደሉ ሥር ሆነው በጆሯቸው ከሰሙት አንዷ ነበረች።

ከመንደራችን በላይ ደወል አምባ አለ። ዙሪያውን ገደል ነው፤ መግቢያው አንድ በር ብቻ። ከታች የሚጮህ ሰው ድምፁ ቀጥ ብሎ ይደርሳል እንጂ እግሩ ዞሮ ዞሮ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ጥንት መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲጣሉ የሚመሽጉበት ቦታ ነበር። በሩን ሲጠብቁ ከኖሩት ዘሮች የመጨረሻው አያ ደምለው ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከእማማ አስካል ጋር እዚያው አናቱ ላይ ይኖሩ ነበር። ወሬ ሲኖር ከገደሉ ጫፍ ቆመው ወደ መንደሩ የሚጠሩት እማማ አስካል ነበሩ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ሁለት እንግዶች መጡ። አንዱ ሸዋንዳኝ የሚባል፣ መንግሥት ካርታ እንዲያነሳ የላከው ቀያሽ ነው። ሁለተኛዋ ትርንጎ፣ የወረዳው ከተማ አስተማሪ። ስለ አምባው ታሪክ ስታስተምር ተማሪዎቿ "ለመሆኑ አይተውታል?" ብለው ቢጠይቋት አፍራ ነበርና፣ ቀያሹ ሊወጣ መሆኑን ስትሰማ እኔም እሄዳለሁ አለች። ሸዋንዳኝማ ደስታውን አልቻለውም! አራት ወር ሙሉ በአንድ ምግብ ቤት ምሳ ሲበሉ ልቡ እሷው ዘንድ ነበር። ግን ተራራ የሚለካ ሁሉ ደፋር አይደለም፤ "ሚጥሚጣውን ያቀብሉኝ" ከማለት አልፎ አያውቅም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ትርንጎ ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ልታራግፍ ወደ ኋላ ቀረት አለች። አያ ደምለው ዱላቸውን በሩ ላይ አጋደሙ።

"አንተስ የመንግሥት ወረቀት ይዘሃል፣ እለፍ። ያቺ ልጅ ምንህ ናት?"

"አስተማሪ ናት፣ አባቴ።"

"ሥራዋን መች ጠየቅኩህ? ልጃገረድ ከባዕድ ወንድ ጋር ወደ አምባው አላሳልፍም። ነገ አባቷ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

ሸዋንዳኝ ዞሮ አየ። ትርንጎ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ፣ ደብተሯን ታቅፋ እየሳቀች ትመጣለች። ከዚህ ትመለስ ሊባል ነው። አፉ ከልቡ ቀደመ።

"ባለቤቴ ናት" አለ።

የአያ ደምለው ፊት በራ። "አዲስ ተጋቢዎች ናችኋ! ታዲያ ምን ያሽኮረምምሃል?" ብለው ዱላቸውን አነሡ። እማማ አስካል ከበሩ ጀርባ ሰምተው ወደ ገደሉ ጫፍ ሲጣደፉ ግን ሸዋንዳኝ ልብ አላላቸውም።

ሽማግሌው ከአለት የተፈለፈለውን የውኃ ጉድጓድ፣ እህል የሚከተትበትን ዋሻ፣ በጠላት ላይ ድንጋይ ይንከባለልበት የነበረውን አፋፍ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ትርንጎ ትጽፋለች። በመጨረሻ ወደ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወሰዷቸው፤ እማማ አስካልም እዚያው ቆመዋል።

"የጠሪ ድንጋይ ይባላል" አሉ አያ ደምለው። "ድሮ አምባው ሰባት ወር ሲከበብ ሹሙ እዚህ ላይ ቆሞ፣ 'ጨው ያቀበለኝን አገር ከነልጅ ልጁ ከግብር ነፃ አውጥቻለሁ' ብሎ አስጠራ። የታች ሰዎች በጠላት መሀል ሾልከው በገመድ ጨው አወጡለት። ከበባው ሲነሣ ግን 'ቸግሮኝ የተናገርኩት ነው' ብሎ ግብሩን ጠየቀ።"

"ከዚያስ?" አለች ትርንጎ።

"ከዚያማ በሦስተኛው ዓመት እንደገና ተከበበ። ጨው፣ ጨው እያለ ቢጮህ አቤት የሚለው አጣ። በገዛ እግሩ ወርዶ እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ድንጋይ የተጠራ ቃል አይታጠፍም።"

ወዲያው ከታች እልልታ ተሰማ። ከበሮም ተከተለ።

"ዛሬ ሰርግ አለ እንዴ?" አለች ትርንጎ አንገቷን አስግጋ።

"የእናንተው ነዋ!" አሉ እማማ አስካል። "ቀያሹ ከነሙሽራው መጥቷል ብዬ ጠራሁ። ይኸው በግ ጣሉላችሁ!"

የትርንጎ እርሳስ ደብተሩ ላይ ቆመ። ሸዋንዳኝ መሬቱ ቢውጠው በወደደ።

"እንዳይመልሱዎት ብዬ ነው... በሩ ላይ... ከአፌ አመለጠኝ" አለ።

"ዋሸኸኝ?" አያ ደምለው ተቆጡ።

"ወይኔ! ሠላሳ ዓመት ስጠራ ሐሰት ጠርቼ አላውቅም!" እማማ አስካል ራሳቸውን ያዙ።

"እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ዋሽቻለሁ ብዬ እኔው እጠራለሁ" አለና ሸዋንዳኝ ወደ ድንጋዩ ተራመደ።

"ይቁሙ!" አለችው ትርንጎ። "የተናገሩት በሩን ለማለፍ ብቻ ነው?"

"አይደለም" አለ። "አራት ወር ሙሉ ልነግርዎት ፈልጌ ፈርቼ ነው።"

ትርንጎ ወደ ታች ተመለከተች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ወጣች። አክስቴ እንደምትለው ከበሮው ዝም አለ፤ ሁሉም አንጋጠጠ። ስልሳ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ ነበራት።

"የሸንበቆ ሜዳ ሰዎች!"

"አቤት!"

"ሚስቴ ናት ያለው ገና ነው! አልተጋባንም! ሽማግሌ ወደ አባቴ ይላክና ይጠይቀኝ፤ እኔ እሺ እላለሁ!"

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ "እኔ እሄዳለሁ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው "እኔም!" አለ፤ እልልታው ከመጀመሪያው በለጠ። እማማ አስካልም ከላይ አቀለጡት።

ትርንጎ ጉንጯ ቀልቶ ከድንጋዩ ወረደች። "በሉ እንውረድ፣ የታረደ በግ አይጠብቅም" አለች።

ሸዋንዳኝ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። "እውነትዎን ነው? ቀልድ ከሆነ እባክዎ አሁኑኑ ይመልሱት" አለ።

አያ ደምለው ቁጣቸው በሳቅ ተሸንፎ ትከሻውን መታ አደረጉትና፣ "ምኑን ነው የምትመልሰው፣ አገር ሰምቶ ጨርሶ! የአንተም ሆነ የእሷ ቃል፣ ልጄ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ!" አሉት።