የግራዝማች ጓንጉል ችፌ

አንድ ቀን የዋርካ በሩ ዳኛ ግራዝማች ጓንጉል ችሎት ላይ እንደ ተቀመጡ ጀርባቸውን በላቸው። መጀመሪያ በጭራቸው እጀታ አከክ አከክ አደረጉት። አልተዋቸውም። ቀጥለው ተነሡና ምሰሶውን ተደግፈው እንደ በሬ ይታከኩ ጀመር። ከሳሽ «ጌታዬ፣ እውነቴን ነው!» እያለ ሲምል የግራዝማች ራስ ከመታከኩ ብዛት ላይ ታች፣ ላይ ታች ይላል። ከሳሽ «ተፈረደልኝ!» ብሎ መሬት ስሞ ወጣ። ተከሳሽም በተራው «ጌታዬ፣ ሐሰቱን ነው!» ሲል ያው ራስ አሁንም ላይ ታች ይላል። እሱም መሬት ስሞ ወጣ። በዚያ ቀን ሁለቱም ረቺ ሆነው ወደየቤታቸው ገቡ።

ግራዝማች ችሎቱን እንደ ምንም ጨርሰው «አያ ሸጋውን ጥሩልኝ!» አሉ።

አያ ሸጋው ቅጠልና ሥር ከአባቱ የተማረ ባለመድኃኒት ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ። ምላሱ ብቻ አንዳንድ ጊዜ ሳያስፈቅደው ትወጣለች። መጣና የግራዝማችን ጀርባ ገልጦ አየ።

«ችፌ ነው ጌታዬ። አይክበድዎት፣ መድኃኒቱ የመቅመቆ ሥር ነው። ደረቁን ወቅጬ አደቅቅና፣ በአንድ ጭልፋ ለጋ ቅቤ ለውሼ ሦስት ቀን ብቀባዎት ይለቅዎታል።»

«ቅቤ?» ግራዝማች ዐይናቸው ፈጠጠ። «ቅቤ ከየት ይመጣል? በዚህ ቤት ቅቤ የለም!»

የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር። አያ ሸጋው ዐይኑ ሳያስበው ወደዚያ ሄደ። ገንቦ በገንቦ ላይ፣ ቅል በቅል ላይ ተደርድሯል፤ ሽታው ብቻውን ያጠግባል።

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ ትሰሜ ደግ ሴት ናቸው። «ኧረ ምናለ፣» አሉ፣ «ከወሰን ክርክሩ አንድ ጭልፋ ቢወሰድለት? እሱ ቢቀር እንኳ ከበጓ ክስ ትንሽ ቆንጠር ይደረግለት።»

አያ ሸጋው ግራ ገባው። ወዲያው ግን ተገለጠለት። በዚያ ጓዳ ቅቤ የሚጠራው በመጣበት ነገር ስም ኖሯል! ትልቁ ገንቦ የወሰን ክርክር፣ መካከለኛው የውርስ ነገር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ቅል የጠፋችው በግ ክስ።

«ማንም እንዳይነካው!» ብለው ግራዝማች ጮኹ። «ገና ያልተፈረደበት ነው! በውኃ ለውሰው።»

«ጌታዬ፣ በውኃማ አይሆንም…»

«ለመሆኑ መድኃኒቱ ሥሩ ነው ወይስ ቅቤው?»

«ሥሩ ነው፤ ግን…»

«በቃ! ሥሩን አምጣ፣ ውኃው ከእኛ።»

አያ ሸጋው ለመነ፣ አስረዳ፤ የሚሰማው አጣ። እንዳሉት በውኃ ለወሰና ቀባቸው። በማግስቱ ችሎት ሲቀመጡ መድኃኒቱ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባከኩት ቁጥር ቢጫ ብናኝ ቡን ይላል። ጸሐፊው አነጠሰ። ነገረ ፈጁ አነጠሰ። አንድ ምስክር «ሐሰት ብናገር እግዜር…» ብሎ አነጠሰና እግዜር ምን እንደሚያደርገው ሳይታወቅ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ብሶ ግራዝማች ቁጭም ቁምም አላስችል አላቸው።

«ያንን ቀጣፊ አስራችሁ አምጡልኝ!»

ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ችሎቱ ጢም ብሏል። አያ ሸጋው እጁን ተይዞ መካከል ቆመ። ክሱ ተነበበ፤ የማይሠራ መድኃኒት ቀብቶ ዳኛ አታሏል ይላል። ከተረታ ሃያ ጅራፍ ይገረፋል፣ ሙቀጫው በገበያው ፊት ይሰበራል፣ ሁለተኛም ቅጠል እንዳይበጥስ ይከለከላል። አያ ሸጋው በልቡ አሰላ። ጅራፉን እንኳ ይችለዋል። ሙቀጫው ግን የአባቱ ነው፤ ደጁ ላይም የታመመ ልጅ አዝለው የሚጠብቁት እናቶች አሉ።

«ተናገር!» አሉ ግራዝማች፣ አንድ እጃቸውን በካባቸው ሥር ወደ ጀርባቸው ሰደው። «መድኃኒትህ ለምን አልሠራም?»

«ጌታዬ፣ ስላልገባ ነው።»

«ምኑ ነው ያልገባው?»

«መድኃኒቱ። ቆዳ እኮ በር ጠባቂ ነው። ውኃ ሲመጣበት ‹ተመለስ› ይለዋል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድብን አንድ ሰው እንኳ እንደ እንስራ ሞልቶ አያውቅም። ቅቤ ግን ለቆዳ ዘመዱ ነው። ሲቀቡት ጥቂት ይቆይና ይጠፋል። የት ሄደ ቢሉ፣ ገብቷል። መድኃኒቱንም አዝሎ ያስገባዋል። ብቻውን የመጣ መድኃኒት ደጅ ሲጠና ውሎ ደርቆ ይቀራል።»

ከወደ ኋላ አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ደጅ ሲጠኑ መድረቅን ከነሱ በላይ ማን ያውቃል! አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ በጋቢያቸው ሥር የያዟትን የቅቤ ቅል ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጓት።

ግራዝማች ግን ችፌው ፋታ ስላልሰጣቸው ልብ አላሉም።

«ተረት ነው!» አሉ። «እኔ ዳኛ ነኝ፣ በወሬ አልፈርድም። ያለ ቅቤ የማይገባ ነገር መኖሩን የሚያስረዳልህ ምስክር አለህ?»

አያ ሸጋው ዝም ለማለት ከልቡ ሞክሮ ነበር። ከንፈሩን ሁሉ ነክሷል። ምላሱ ግን ቀደመችው።

«አለኝ ጌታዬ።»

«ማን ነው? ጥራው!»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«አዎን፣ እርስዎ። እስኪ በሞቴ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ቅቤ ምን ገብቶዎት ያውቃል?»

  መጀመሪያ አንዱ በአፍንጫው ፍን አለ፤ ሌላው ሊያፍነው የሞከረው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ፣ ነገረ ፈጁ ባላጋራውን አቅፎ በሳቅ አለቀሰ፣ አያ ሸጋውን የያዘው ወታደር ሲስቅ እጁን ለቀቀው።

ግራዝማች ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ግረፉት!» ሊሉ ጣታቸውን አነሡ፤ ጣታቸው ግን አየር ላይ ቀረ። ቢያስገርፉት ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ገባኝ ካሉ ደግሞ አገር የሚያማው ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ቅን ሰው የሆነው ጸሐፊያቸው ብዕሩን ነክሮ፣ «ጌታዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ‹ዳኛው ገባቸው› ልበል?» አላቸው።

«አልገባኝም!» ብለው ጮኹ ግራዝማች። ወዲያው ጀርባቸውን ክፉኛ በላቸውና፣ «ቅቤ አምጡ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ «ችሎቱ ተነሥቷል» የሚል ሰው አላስፈለገም፤ ሰዉ እየተንከባለለ ወጣ። ቅቤው መጣ፣ መቅመቆው በዚያው በአያ ሸጋው ሙቀጫ ተወቅጦ ተለወሰ፣ በሦስተኛው ቀን ግራዝማች ማከኩን ተዉ። ነገሩ ግን ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው፣ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።