ወንበር የሞላባት ክፍል

አንድ ሰው ነበረ፤ የእድር ዳኛ። ተቀመጥ እንጂ ወንድይፍራው፣ ምን ያስቸኩልሃል? «የኔታ፣ ሸሽተው የሚመጡት ሴቶች እንደሆነ ተመልሰው ባላቸው ጋ ይሄዳሉ፤ ታዲያ የወረዳችን መጠለያ ለምን አይዘጋም?» ብለህ የጠየቅከኝ አንተ ነህ። እንግዲያው አድምጥ።

የዚህ ሰው እድር የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ነበረው። ከጎኑ አንዲት ክፍል ነበረች። ባሏ የደበደባት ሴት ልጆቿን ይዛ ከመጣች እዚያ ትገባለች፤ ዘበኛ ይጠብቃታል፣ የሰፈሩ ሰው ተራ ገብቶ ያበላታል። ደግ ደንብ ነበር፤ ያወጡት ሰዎች ግን ሞቱ፣ ልጆቻቸው ደግሞ ሰለቻቸው። አንድ ዓመት ምግቡ ቀረ፤ «ስንቋን ይዛ ትምጣ» ተባለ። እየተደበደበች የምትሸሽ ሴት ስንቅ ስትቋጥር ይታይህ! በሚቀጥለው ዓመት ዘበኛው ተሰናበተ። ከዚያ የሚመጡት ሴቶች ቀነሱ። ዳኛው «አያችሁ፣ ችግሩ ተቃሏል» አለና የለቅሶ ወንበሮቹን ክፍሏ ውስጥ አስደረደረ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንዲት ሴት መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ሕፃን አዝላለች፣ ትልቋን ልጇን በእጇ ይዛለች። ዳኛው በሩን ሲከፍትላት ወንበሩ እስከ ጣራ ደርሷል። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ አፈረ። ግን ያን ሁሉ ወንበር ማን ያውጣው? የት ይቀመጥ? ዝናብ ቢመታውስ?

«ልጄ፣ እኔው አስታርቅሻለሁ» አላት።

«አባባ፣ ይገድለኛል» አለችው።

«እኔ እያለሁ!» ብሎ እጇን ይዞ ወሰዳት። ባልየው የዳኛውን ጉልበት ሳመ፣ ማለለት። ዳኛው ደስ ብሎት ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። የሞተችው እሷ ናት። ለለቅሶዋ ወንበር ሲያስፈልግ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተረባርቦ ያቺን ክፍል በሩብ ሰዓት ባዶ አደረጋት። ትልቋ ልጅ ሕፃኑን አዝላ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ውጪ» ሊላት የደፈረ የለም፤ ወንበሩ የተመለሰ ቀን ግን አስወጧት።

ኤዲያ! ስናገረው ራሱ ያመኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ እድር የእናንተ ወረዳ ነው። አምና የመጠለያውን ጠባቂ አሰናበታችሁ፣ ዘንድሮ ዱቄቱን ቀነሳችሁ፣ አሁን ደግሞ አልጋው ባዶ ነው ብላችሁ ቤቱን ለቢሮ ፈለጋችሁት። «ተመልሰው ይሄዳሉ» አልከኝ። እሺ፣ ወዴት ትሂድ? የተከፈተላት በር የባሏ ብቻ ሲሆን እግሯ ወዴት ይውሰዳት? ነገ በወረዳው ስብሰባ ላይ «ይዘጋ የምትሉ» ሲባል እጅህን ታወጣለህ። አውጣ፣ ማን ይከለክልሃል! ግን በዚያው እጅህ አንዲት ሴት ይዘህ ገዳይዋ ደጅ እያደረስካት ነው።