አመሏን የማውቀው እኔ ነኝ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ደግሞም ብነግራችሁ እሱ ላይ ትፈርዱና ራሳችሁን ትረሳላችሁ። ይህ ሰው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው።

መኪናውን የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይሄኛው ከመውደድም አልፎ ነበር። ቀለሟ ለቋል፣ የኋላ መዝጊያዋ በሽቦ ታስሯል፣ ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ሲወለውላት ላየው የሙሽራ መኪና የሚያሰናዳ ይመስል ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን አውጥቶ በሰፈሩ መሀል ሲያልፍ፣ ያ የናፍጣና የእህል አቧራ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ፣ በዓለም ላይ የጎደለው ነገር አልነበረም።

እውነቱን እንናገር ካላችሁ ደስ ትላለች። አዲስ መኪና ያለው ሰው ጭረት ፈርቶ የጎረቤቱን ጆንያ አይጭንም። እሷ ግን የእድሩን ድንኳን ትጭናለች፣ ምጥ የያዛትን ትጭናለች፣ ሲሚንቶም ፍየልም ትጭናለች። ሰዎች ድምጿን ከሩቅ ሰምተው «መጣልን» ይላሉ። ተፈላጊ መሆንን የማይወድ ሰው ማነው?

ታዲያ አሮጊቷ አመል ነበራት። በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ካዞሩት አትነሳም፤ ትንሽ መለስ ማድረግ ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ማርሿ ሾልኮ ይወጣል፤ በጉልበት ደገፍ አድርጎ መያዝ ነው። ፍሬኗማ አንዴ ሲረግጡት እስከ ወለሉ ዘልቆ ይገባል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ሲረግጡት ነው የሚይዘው። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፤ ስትቆም ጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ ይደረግላታል።

መካኒኩ ባገኘው ቁጥር «ፍሬኑን ፈትተን እንሥራው፤ ይሄ ነገር ሰው ይፈጃል» ይለዋል። እሱ ይስቃል።

«አመሏ ነው። አመሏን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። ጊዜም አጥቶ አልነበረም። ታዲያ ለምን አላሠራትም? ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ገብቶ ሊያስነሳት ሲሞክር እምቢ ስትል፣ ከዚያ እሱ መጥቶ ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርጎ ሲያስነሳት፣ የቆመው ሁሉ ሲስቅና ሲያደንቅ ነፍሱ ትረካለች። ከተሠራች ማንም ይነዳታል። ማንም ከነዳት እሱ ምን ይሆናል? ጉድለቷን የወደደው ለእሱ ብቻ የምትታዘዝ ስላደረጋት ነው።

ርብቃ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ከተማ ተምራ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ትነዳለች። ለበዓል በመጣች ቁጥር «አባዬ፣ እስቲ ልንዳት» ትለዋለች። «ይቺን አትችያትም፤ ያንቺ መኪና የሕፃን መጫወቻ ነው» ብሎ ያሾፍባታል። እንዴት እንደምትነዳ ግን አንድም ቀን አላሳያትም። ቁልፉን በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ይሰቅልና ወደ ምሳው ይቀርባል።

አሁን ስሙኝ።

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ሰውየው ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱ ተሳሰረ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አምቡላንስ ቢጠሩ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል ተባለ። በዓል ነው፤ ሹፌር ከየት ይምጣ? ርብቃ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳች።

ከመኪናዋ ኋላ፣ ጭነት የሚጫንበት ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኙት። ባለቤቱ ራሱን ደግፋ ተቀመጠች፤ ጋሽ ጉልላት የሚባሉ ጎረቤታቸው ከጎኑ ሆኑ። መኪናዋ በቁልፍ እምቢ ብትል ጎረቤት ገፍቶ አስነሳላትና ሄዱ።

የሰውየው አእምሮ ግን አልተነካም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል፤ ያቃተው መናገር ብቻ ነው። በጀርባው ተንጋሎ የሚያየው ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ነው። መንገዱን ግን ጀርባው ያውቀዋል። ይሄ ወፍጮ ቤቱ ነው። ይሄ የተቦረቦረው ቦታ ነው። ይሄ መታጠፊያው ነው። እስከዚህ ሜዳ ስለሆነ ልጅቱ ፍሬን አላስፈለጋትም። ከመታጠፊያው በኋላስ ምንድነው ያለው? ቁልቁለቱ። በግራ ገደል፣ በቀኝ የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ፣ ከታች ወንዝ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባው። ሞቱን አይደለም የፈራው፤ እሱንማ ጠዋት አይቶታል። የፈራው ለልጁ ነው። «ማርሹን በጉልበትሽ ደግፊው፣ ፍሬኑን ደጋግመሽ ርገጪው» ማለት ፈለገ። ይህን ለማለት ስንት ዓመት ነበረው? ስንት ምሳ፣ ስንት እራት አብረው በልተዋል? አሁን ከአፉ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነው። በደህናው እጁ የመኪናዋን ብረት መደብደብ ጀመረ።

«ምን ፈልጎ ነው?» አለች ባለቤቱ።

«ጭንቀት ነው፤ በሽታው ነው» አሉ ጋሽ ጉልላት። እጁን ያዙና ጋቢው ውስጥ ከተቱት። «አይዞህ ወንድሜ፣ እየደረስን ነው። ልጅህ ናት የምትነዳው፤ ጎበዝ ናት።»

እጁን አጥብቀው ያዙት። በፍቅር ነው የያዙት። እሱ ዓይኑን አፍጥጦ ያለቅሳል፤ እነሱ ሕመሙ መስሏቸው እንባውን ይጠርጉለታል። እናንተ እዚያ ፍራሽ ላይ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፋች። ርብቃ እንደተማረችው ማርሽ ቀነሰች፤ ማርሹ ሾልኮ ወጣ። መኪናዋ ተለቀቀች። ፍሬን ረገጠች፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። እሷም ባላት ኃይል ተጭና ያዘችው፤ ደህና ፍሬን እንደዚያ ነው የሚያዘው። እዚህ ግን እግሯን አንስታ መልሳ መላልሳ መርገጥ ነበረባት። ማን ነግሯት?

ሰውየው የነፋሱን ድምፅ ሰማ። ከፊት ደግሞ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ስትጣራ ሰማ። መፍትሔው እሱ ጋ እንዳለ አውቃ አልነበረም የጠራችው። ልጅ ሲፈራ አባቱን ነው የሚጠራው።

መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘችና ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተመቻት። መኪናዋ አፈሩን እየፈጨች ሄዳ ሄዳ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልሞተም። ግን የርብቃ ክንድ ተሰበረ፤ መስታወቱ ፊቷን ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ ቀደደው። የጋሽ ጉልላት የጎድን አጥንት ተሰበረ። ባለቤቱ ዳሌዋን ተጎድታ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሰውየውስ? እሱ ፍራሽ ላይ ነበር። አንድ ጭረት አልነካውም።

አላፊ የጭነት መኪና አንስቷቸው ሆስፒታል ደረሱ። ውሎ አድሮ የሰውየው ምላስ እየተፈታ መጣ። አንድ ቀን ርብቃ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ፍሬኑ እንደዚያ እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

በደህናው እጁ ጀሶዋን ዳሰሰ። ኋላ በተኮላተፈ አንደበቱ «አንቺ የምትነጃት አልመሰለኝም» አላት።

ወገኖቼ፣ ይህን ከራሱ አፍ ከሰማሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ። ለእናንተ ፈርቻለሁ፣ ለራሴም ቤት ፈርቻለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲህ ያለችውን አሮጊት ደጃፋችሁ ላይ ያቆማችሁ ስንት ናችሁ?

አንተ ቁጣ አለብህ። ታውቀዋለህ። ሲነሳብህ ወጣ ብለህ ዞር ዞር ስትል ይበርድልሃል። በጉልበትህ ደግፈህ ይዘኸዋል። ልጅህ ግን ቁጣውን ነው የወረሰው፤ አያያዙን ማን አሳየው? አንቺ ከእህትሽ ጋር ተኳርፈሻል። «እኔ በልኩ ይዤዋለሁ፤ ክፉ አላደርግባትም» ትያለሽ። ልጆችሽ ግን አክስታቸውን መንገድ ላይ ሲያገኙ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ምክንያቱን እንኳ አያውቁም። «እጠጣለሁ እንጂ አልሰክርም» የምትለው ደግሞ፣ እዚያ ከምሰሶው ኋላ ያለኸው፣ አትጎንበስ። ብቻህን አይደለህም።

እናንተ ትቆጣጠሩት ይሆናል፤ አልከራከርም። ኃጢአትን ማባበል ስለቻልን ንስሐ የገባን ይመስለናል። እግዚአብሔር ግን አመሉን እወቁ አላለንም። ተዉት ነው ያለን። ደግሞም አትዋሹኝ፤ እናንተም እንደዚያ ሰው ትወዱታላችሁ። ቤቱ ሁሉ ቁጣህን ፈርቶ በእግር ጣቱ ሲራመድልህ መከበር ይመስልሃል።

ምን እናድርግ? ማሠራት ነው። ንስሐ ግቡ። እስከዚያው ደግሞ ንገሯቸው። ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ልጄ፣ እኔ ላይ ይህ ነገር አለ። አባቴም ላይ ነበረ። ጥሩ ነገር አይደለም፤ አንተ ላይ እንዳይደርስ እፈራለሁ» በሉት። ያሳፍራል? አዎ፣ ያሳፍራል። ፍራሽ ላይ ተንጋሎ፣ እጅ ጋቢ ውስጥ ተይዞ፣ የልጅን ጩኸት ከመስማት ግን ይሻላል።

«ገና ልጆች ናቸው፤ ጊዜ አለ» የምትሉ አላችሁ። ያም ሰው ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ጊዜ ያለው መስሎት ነበር። ምላሳችሁ የሚታሰርበትን ጠዋት ማን ነገራችሁ?

አሁን ተነስታችሁ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ስትገቡ በሩ አጠገብ ያለውን ሚስማር እዩት። ቁልፉ እዚያ ተሰቅሏል። ልጆቻችሁ ደግሞ አድገዋል፤ እጃቸው ይደርሳል።